ጀሪካን ይዛችሁ ለቆማችሁ ሁሉ

የተከበራችሁ የድሬዳዋ ደቻቱ ወንዝ ዳር ሰዎች፣ ጎረቤቶቼ፤

የውሃ ቦኖው አልተዘጋም። ደብዳቤው ባለፈው ማክሰኞ እጄ ገባ። ሦስት መስመር ነው፤ «አገልግሎቱ ባለበት እንዲቀጥል» ይላል። ለዚህች ሦስት መስመር ሰባት ወር ተመላልሰናል። አንዱን ኮፒ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። ሌላውን የቦኖው ውሃ ሻጭ እትዬ ራሳቸው ተቀብለው የቦኖው በር ላይ በሚስማር መቱት፤ ማንም እንዳይነካው ብለዋል፣ እኔንም ጨምሮ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መንገድ ላይ የሚያገኘኝ ሁሉ «አቦ ተባረክ፣ አንተ ባትኖር እኮ» ይለኛል። አልዋሽም፣ ደስ ይላል። የምክር ቤት ተመራጭ ሆኖ ምስጋና የሚጠላ ሰው እስካሁን አላየሁም። ግን ምስጋናው አድራሻ ስቷል። እኔ በዚህ ነገር ውስጥ ሁለት ጊዜ አበላሽቻለሁ፤ ያስተካከላችሁት እናንተ ናችሁ። ይህን የምጽፈውም ለዚሁ ነው።

ጅቡቲም አዲስ አበባም ሆናችሁ ወሬው በጨረፍታ ብቻ ለደረሳችሁ ከመጀመሪያው ላስታውስ። ጉዳዩን የያዘው መሥሪያ ቤት (ስሙን አልጽፍም፣ ነገ ለሌላ ነገር በሩን ማንኳኳቴ አይቀርም) «ተጠቃሚው አነስተኛ ስለሆነ ቦኖው ይዘጋ፣ ግቢው ለሌላ አገልግሎት ይዋል» ብሎ ጻፈ። ማስረጃው ቆጣሪው ነበር። የቦኖው ቆጣሪ ከዓመት ዓመት ቁጥሩ እየወረደ ነው፤ ሰዉ በየቤቱ ውሃ አስገብቷል ማለት ነው አሉ። ወረቀት ላይ ካየነው ልክ ናቸው። ግን እኛ ሰፈር አንድ ግቢ ውስጥ ስንት ተከራይ እንዳለና የግቢው ቧንቧ ቁልፍ ማን ኪስ ውስጥ እንደሚያድር ቆጣሪ አይናገርም።

የመጀመሪያው ጥፋቴ ፊርማው ነው። በሦስት ቀን ውስጥ ቤት ለቤት ዞሬ ፊርማ አሰባሰብኩ፣ ኩራቴ ለጉድ ነበር። መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ «ጋሼ፣ የቤት ቁጥር የለውም» ብላ መለሰችልኝ። እኔ እኮ አስተማሪ ነበርኩ። ፈተና ወረቀቱ ላይ ስሙን የረሳን ልጅ ስንቴ ነጥብ ቀንሼበታለሁ! ሁለተኛውን ዙር የዞሩት የእድሩና የአፎሻው፣ ማለትም የመረዳጃ ማኅበሮቹ፣ ሰዎች ናቸው፤ የየቤቱን ቁጥር በቃላቸው ያውቁታል። ለእናንተ የመጀመሪያው ምስጋናዬ ይኸው። ድንኳንና ወንበር ለኀዘን ብቻ አይደለም ብላችሁ ስለ ቦኖው ለተጠራው ስብሰባ ስላወጣችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አላህ ይስጥልኝ።

ሁለተኛው ጥፋቴ ንግግሬ ነው። ስብሰባው ላይ ዕድል ሲሰጠኝ ከባቡሩ ጀመርኩ። ባቡር ሐረር ተራራ ላይ መውጣት ስለከበደው በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሜዳ ላይ መቆሙን፣ ድሬ የተቆረቆረችው ለጣቢያው ብላ መሆኑን፣ አባቴ ሸመንደፈር ጋራዥ ውስጥ ስንት ዘመን እንደሠራ… የመድረኩ ሰብሳቢ ሰዓቱን አየ። ከኋላዬ አንዲት እናት በሹክሹክታ፣ ግን ሁሉም በሚሰማው ሹክሹክታ፣ «ልጄ፣ እስቲ ተቀመጥና ደብተሩን አሳያቸው» አሉ።

ደብተሩ። ስለ እሱ ሰፋ አድርጌ ባልጽፍ እትዬ ይቀየሙኛል።

እትዬ የቦኖው ሻጭ መሆናቸውን ሁሉም ያውቃል። ውሃ ቀጂው ግማሹ እትዬ፣ ግማሹ አዳዳ፣ ግማሹ ኢዶ ይላቸዋል። ሦስት ግማሽ ሆነ፤ ሒሳቡ ባይገጥምም ድሬ ናት። የሰበሰቡትን ሳንቲም የሚያስረክቡት ቆጥረው ስለሆነ ባለ ሃምሳ ቅጠል ደብተር ይይዛሉ፤ ከትራሳቸው በታች አስራ ምናምን ደብተር ተደርድሮ ይገኛል። ስም አይጽፉም። «ሻይ ቤቷ»፣ «የመንትዮቹ እናት»፣ «ሰማያዊ በር»፣ «ጋሪው ልጅ» ይላሉ። ከጎኑ ጭረት አለ፤ አንድ ጭረት አንድ ጀሪካን ነው፣ አምስተኛው ጭረት አራቱን አቋርጦ ያልፋል። ከጭረቶቹ ቀጥሎ ደግሞ ትንንሽ ክብ አለ። መጀመሪያ ስናየው ማንም አልገባውም።

«ይኼ ምንድነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ባዶውን የተመለሰ ነዋ! በማግስቱ ቀድሞ እንዲቀዳ።»

ገለጥን። መጀመሪያዎቹ ደብተሮች ላይ ክብ አልፎ አልፎ ነው። እየቆየ ሲሄድ ገጹ ሁሉ ክብ በክብ ሆነ። ቆጣሪው የወረደው ተጠቃሚ ጠፍቶ አልነበረም፤ ውሃው አልመጣ ብሎ ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነስተው በጀሪካን ወረፋ የያዙ ሴቶች ሲነጋ ባዶ ይዘው ይመለሱ ነበር። ወረፋውን የሚጠብቅላቸው ጀሪካኑ ነው፤ ነፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ ይገባበታል፣ አንገቱ በገመድ ይያያዛል።

ውሃው ለምን አልመጣም? ይህን የመለሰው ደግሞ ቧንቧ ሠሪው ወጣት ነው። ከሳቢያን ሰፈር ጉድጓዶች የሚመጣው የድሬ ውሃ ኖራ ድንጋይ ሰንጥቆ የሚወጣ ነው። ማንቆርቆሪያችሁን ክፈቱ፣ ነጩን ቅርፊት ታዩታላችሁ። ያው ነገር የብረት ቱቦ ውስጥም ይጋገራል። ልጁ በፈቃድ ከቦኖው መስመር አንድ ስንዝር ቆርጦ አወጣና ስብሰባው ጠረጴዛ ላይ ዷ አድርጎ አስቀመጠው። ከውጭ ሲታይ ሁለት ኢንች ነው። ከውስጥ የቀረው ቀዳዳ የትንሽ ጣቴን ያህል ነበር። ሰብሳቢው አንስቶ በቀዳዳው ወደ መስኮቱ ተመለከተ፣ ለጎረቤቱ አቀበለው፣ ጎረቤቱም ለሚቀጥለው። ማንም አልተናገረም። የእኔ ንግግር ያላመጣውን ያ የዛገ ቁራጭ አመጣው። ልጁ ገንዘብ አልቀበልም ብሎ አንድ እስር ጫት ብቻ ወሰደ። ሐሜት እንዳይኖር፦ የከፈልኩት ከኪሴ ነው።

ቀጥሎ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ቦታውን ለማየት መጡ። እኔ ሰልፍ እንውጣ ባይ ነበርኩ። ሴቶቹ ሳቁብኝ። «ሰልፍ ከተባለ እኛ የምናውቀው የጀሪካን ነው» አሉ። እንግዶቹ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከመኪና ሲወርዱ ባዶ ጀሪካን ከቦኖው በር ጀምሮ፣ በኪኒኑ (ኒም) ዛፍ ሥር አልፎ፣ እስከ አስፋልቱ ድረስ ተደርድሯል። መፈክር የለም፣ ጩኸት የለም። የሰፈሩ ሕፃናት ቆጥረው ሲጨርሱ ቁጥሩ ላይ ተጣሉ። እኔ በአማርኛና በኦሮምኛ እንኳን ደህና መጣችሁ ብዬ በሶማሊኛ ስቀጥል ልጃገረዶቹ ተንከተከቱ፤ ምን እንዳልኩ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።

እዚያው ቆመን ሳለ አንድ አባት ብዙዎቻችን አንስተን የማናወራውን አነሱ። ሐምሌ 1998 መጨረሻ ላይ ያን ሌሊት ደቻቱ ሲመጣ እዚህ ዝናብ አልነበረም፤ የዘነበው ከላይ ተራራው ላይ ነው። ተኝተን ነበር። በዚያ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ከእኛ ጓሮ የተረፈው ከፍ ወዳለው የቦኖ ግቢ የሮጠው ነው። «እዚህ ዛፍ ሥር ነጋልን» አሉ፣ ዛፉን በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው። ይህ በየትኛው መስፈርት እንደሚሞላ አላውቅም። ቃለ ጉባኤ ያዡ ግን ጽፎታል፤ አይቻለሁ።

ባጃጅ ሾፌሮች፣ ሽማግሌዎቹን በዚያ ሙቀት እየመለሳችሁ አንድ ብር ያልተቀበላችሁ፤ ደብዳቤዎቼን በነፃ የጻፈችልኝ፣ ፊደሌንም ያረመችልኝ የኮፒ ቤቷ ልጅ፤ ከጁምዓ በኋላም ከቅዳሴ በኋላም ጉዳዩን ላነሳችሁልን አባቶች፤ «ይኼ ይጎድላል፣ ይኼን ጨምሩ» እያለ በር ድረስ ለሸኘን ያ ስሙን እንዳልጠራ የለመነኝ ሠራተኛ፤ ምሳ ሰዓት ላይ እንግዳ እያመጣሁ የቤቷን በርበሬ የጨረስኩባት ባለቤቴ፤ ሁላችሁም እጅ ነሥቻለሁ።

ሥራው አላለቀም። ቱቦው በፕላስቲክ የተቀየረው እስከ ጥጉ ድረስ ብቻ ነው፤ ቀሪው በሚቀጥለው በጀት ተብሏል። ቀኑን በጽሑፍ ስጡን ብያለሁ። እትዬ አዲስ ደብተር ጀምረዋል፣ ክቡን እንዳያቆሙ ለምኛቸዋለሁ።

አንድ ነገር ቀረ። ከጀሪካኑ ሰልፍ ቀን ጀምሮ ሦስት ቢጫ ጀሪካን እኔ በር ላይ አሉ። አንዱ አንገቱ ላይ ቀይ ክር ታስሯል፣ አንዱ ክዳን የለውም፣ ሦስተኛው ውስጥ ድንጋዩ እንዳለ ነው። የእናንተ ከሆነ ከመግሪብ በፊት ኑና ውሰዱ፤ ቡናም አለ።

የመረጣችሁት ጎረቤታችሁ
ድሬዳዋ