ክሪኩን ከመክፈትሽ በፊት

ልጄ፣ እንደምን ከረምሽ? ከብራስልስ ያመጣሽውን የክሪክ፣ ማለትም በቼሪ የሚሠራው የቤልጂየም ኮምጣጣ ቢራ፣ ጠርሙስ ለመክፈት መቸኮልሽን ሰምቻለሁ። ይህን እስክታነቢ ታገሺው። የመጀመሪያው ጉንጭ ፊትሽን ማኮሳተሩ አይቀርም፤ በእሱ ብቻ «ተበላሽቷል» ብለሽ እንዳትደፊው። ኮምጣጣ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ምላስሽ የሚፈርደው በምን እንደ ኮመጠጠ ነው። እርሾና እርጎ ለለመደ ሰው ደግሞ ይህ ከባድ አይደለም።

መጀመሪያ ወረቀቱን አንብቢ። ክሪክ በፍላንደሮች ቋንቋ ኮምጣጣው ቼሪ ማለት ነው። በዚህ ስም ከሚሸጡት ብዙዎቹ ስኳር ወይም ሽሮፕ ተጨምሮባቸው እርሾው በሙቀት የተገደለባቸው ናቸው፤ እነሱን ከለስላሳ ቁጠሪያቸው። «ኦውደ ክሪክ» የሚለው ስም ግን ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት የተጠበቀ ነው። ብራስልስ ውስጥ አንደርሌክት ያለው ካንቲዮን የተባለው ቢራ ጠማቂ ቤት ደግሞ «100% ላምቢክ» ብሎ ይጽፋል።

ላምቢክ የብራስልስና የዙሪያዋ፣ የፓዮተንላንድና የዘነ ሸለቆ ቢራ ነው። ከእህሉ ሲሶው ወይም ትንሽ ከፍ የሚለው ያልበቀለ ስንዴ ነው፤ የቀረው የገብስ ብቅል። ሆፑ፣ ማለትም የቢራው ጌሾ፣ ሆን ተብሎ 2 ወይም 3 ዓመት አርጅቶ ይገባል፤ ምሬቱ ይሟሽሻል፣ ባክቴሪያ የመግታት አቅሙ ግን ይቆያል። የፈላው የብቅል ጭማቂ በብርዱ ወራት ሰፊና ጥልቀት በሌለው ክፍት ገንዳ ላይ ሌሊቱን ሲቀዘቅዝ ያድራል። እርሾ የሚጨምርበት ሰው የለም፤ ከአየሩና ከበርሜሉ እንጨት ይመጣል። በርሜል ውስጥ ከወራት በኋላ ፔዲዮኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ የእርጎውን አሲድ ይሠራል፤ አንዳንዴም ቢራውን እንደ ተልባ ያዝለገልገዋል። ያን መዝለግለግ ቀስ ብሎ የሚያጠፋው ብሬታኖማይሲስ የተባለው እርሾ ነው። የተልባ ዓይነት ልስላሴ ጠርሙስሽ ውስጥ ካገኘሽ፣ ቢራው ጊዜው ሳይደርስ ታሽጓል ማለት ነው።

በርሜሉ ስለሚሠራበት እንጨት፣ ስለ ኦኩ፣ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ጋን በወይራ ሲታጠን ሽታውን ለጠላ ይሰጣል፤ የላምቢክ በርሜል ግን አብዛኛውን ጊዜ ወይን ሲጠጣ የኖረ አሮጌ ስለሆነ የእንጨት ጣዕሙ ቀድሞ ወጥቶ አልቋል። ሥራው ለእርሾው መኖሪያ መሆንና ትንሽ ትንሽ አየር ማሳለፍ ነው። ስለዚህ ቫኒላና የተላገ ጣውላ ከሸተተሽ በርሜሉ አዲስ ነበር፤ ለእኔ ያ ጉድለት ነው።

ቼሪው ለ1 ሊትር ላምቢክ 200 ግራም ገደማ፣ አንዳንድ ቤት ከዚያም በላይ፣ ከነፍሬው ይገባና ለወራት ይቀመጣል። ስኳሩን እርሾው ይበላዋል፤ የሚቀረው ቀለሙ፣ ሽታውና የልጣጩ አፍ የሚያደርቅ ነገር ነው። ጣፋጭ ከጠበቅሽ ታዝኛለሽ። ከውስጥ ጠጣሩ ፍሬ ደግሞ ኮክ ሰብረሽ ውስጡን ስታሸቺ የሚመጣው ዓይነት ሽታ ይወጣል፤ እሱን ፈልጊው።

አሁን ወደ መክፈቱ። አተላው እንዲወርድ ከ1 ቀን በፊት ጠርሙሱን ቀጥ አድርገሽ አቁሚው። ከማቀዝቀዣ አውጥተሽ 30 ወይም 40 ደቂቃ አቆዪው፤ ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ይበቃል። በጣም ሲቀዘቅዝ ሽታው ይታፈናል፣ ኮምጣጣነቱና ማድረቁ ብቻ ይቀራል፤ ሲሞቅ ደግሞ ይገነፍላል። አንዳንዱ ከቆርኪው ሥር ቡሽ አለው፤ መክፈቻ ሁለት ዓይነት አዘጋጂ። ማጠቢያው ላይ ሆነሽ ክፈቺ፣ ቡሹን ቀስ በቀስ አውጪ፣ ብርጭቆ በእጅሽ ይሁን። የወይን ብርጭቆ ይሻላል፤ በእያንዳንዱ 100 ሚሊ ሊትር ያህል ብቻ ቅጂ፤ ጠርሙሱን መልሰሽ አታቁሚው፣ አተላው ይበጠበጣል። ብርጭቆው ላይ የሳሙና ቅሪት ካለ አረፋው ወዲያው ይሞታል። በርበሬ ከበላሽ ወይም ቡና ከጠጣሽ በኋላ ደግሞ አትጀምሪው።

ብርጭቆውን ሳታወዛውዢ መጀመሪያ አሽቺ፤ ቼሪው ያኔ ነው የሚሰማሽ። ከዚያ አወዛውዢ፤ በረት፣ ላብ የጠጣ የፈረስ ግላስ፣ አንዳንዴም ቅርንፉድ ይመጣል። እሱ የብሬታኖማይሲስ ሥራ ስለሆነ አትደንግጪ። ትንሽ ጎንጭተሽ አፍሽ ውስጥ 5 ሰከንድ ያዢ፣ ዋጪ፣ ትንፋሽሽን በአፍንጫ አውጪ። በመጀመሪያው ጉንጭ አትፍረጂ፤ ምላስ አሲዱን የሚለምደው ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው በኋላ ነው።

የእርጎና የእንጀራ እርሾ ኮምጣጣነት ክብ ነው፤ በምላስ ጎንና ጎን ይመጣና ምራቅ ያስመጣል። የአቼቶው ግን አፍንጫን ይወጋል፣ ጉሮሮን ይፍቃል። ትንሽ አቼቶ ላምቢክን ያነቃዋል፤ ሲበዛ ግን በርሜሉ ጎድሎ አየር ገብቶበታል፤ ጋን ሳይከደን የሰነበተ ጠላ እንደሚሆነው። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚሸት ከሆነ ነገሩ ያንኑ መንገድ ርቆ ሄዷል፤ ያን ድፊው። የቅቤ ሽታ የፔዲዮኮከስ ነው፤ ቢራው ብሬታኖማይሲስ እስኪያጸዳው አልተጠበቀም።

ከሁሉ የሚያታልለው የአይጥ ጣዕም ነው። ስትጎነጪ ምንም የለም፤ ከዋጥሽ ከ10 ወይም 20 ሰከንድ በኋላ የሻገተ ብስኩት የመሰለ ነገር ከጉሮሮሽ ይመለሳል። በአሲድ ውስጥ ታስሮ የነበረው ሽታ ምራቅሽ አሲዱን ሲያለዝበው ስለሚለቀቅ ነው። ሁሉም ሰው አይሰማውም፤ ስለዚህ አብራሽ የምትጠጣው ጓደኛሽ «ደህና ነው» ብትልሽ አትከራከሪያት።

ብራስልሶች ከላምቢክ ጋር ነጭ ትኩስ አይብ ዳቦ ላይ ቀብተው ከቀይ ራዲሽ ጋር ይበላሉ። የኛ አይብም ይሄዳል፤ ሚጥሚጣውን ብቻ ተይ። ውሃ አጠገብሽ ይኑር። ከጠጣሽ በኋላ ቶሎ ጥርስሽን አትቦርሺ፤ አሲዱ የጥርሱን ሽፋን ስላለዘበው 30 ደቂቃ ያህል ጠብቂ።

ሌላ ጠርሙስ ካገኘሽ ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጪው፤ ጋዙ ስለቆየ ግን ቼሪውም ይቆያል ብለሽ አትጠብቂ። ፍሬ ያልገባበት ላምቢክ ብዙ ዓመት ይጠብቃል፤ ክሪክ ግን ቀዩ ወደ ቡናማ፣ ሽታው ወደ ደረቅ ፍሬ ይሄዳል። የገዛሽበትን ቀን ጻፊበትና በ1 ዓመት ውስጥ ክፈቺው።

እናትሽ