መኖሪያ ቤት የተከራየ ሰው ግብር ቆራጭ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሐምሌ ገብቶ የግብር ወሬ ሲነሣ፣ ደብረ ማርቆስም ሆነ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ፣ ተከራዮች የሚጠይቁት አንድ ነገር አለ፦ «ከኪራዩ ላይ ግብር ቆርጬ ለገቢዎች ማስገባት ያለብኝ እኔ ነኝ ወይ?» ለመኖሪያው ቤት የተከራየ ግለሰብ ይህ ግዴታ የለበትም።

የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ከክፍያ ላይ ግብር ቀንሶ የማስቀረትን ሥራ የሰጠው ሕጋዊ ሰውነት ላላቸው ድርጅቶች፣ ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና መንግሥታዊ ላልሆኑ ድርጅቶች ነው። ደመወዝተኛው መምህርና ነርሷ ከዚያ ውስጥ የሉም። የኪራይ ገቢ ግብር በ«ሠንጠረዥ ለ» የሚታይ የአከራዩ ዕዳ ነው። ገቢውን አስታውቆ የሚከፍለውም እሱ ነው።

ተከራይ በግምት ቢቆርጥ ምን እንደሚበላሽ በቁጥር እንየው። ቤቱ በወር 5,000 ብር ቢከራይ በዓመት 60,000 ይሆናል። በ2008ቱ አዋጅ የሒሳብ መዝገብ የማይዝ አከራይ ለጥገናና ለእርጅና ግማሹ ይቀነስለት ነበር፤ 30,000 ይቀራል። ከዚህ 7,200ው ከግብር ነፃ ነበር። እስከ 19,800 ያለው 10 በመቶ፣ ማለትም 1,260 ብር፣ የቀረው 10,200 ደግሞ 15 በመቶ፣ ማለትም 1,530 ብር ይከፈልበት ነበር። ጠቅላላው 2,790 ብር ነበር። ተከራዩ ግን «አሥር በመቶ ነው» ብሎ ከኪራዩ ላይ ቢቆርጥ 6,000 ብር ወሰደ ማለት ነው። ለአከራዩ የሚሰጠው ሕጋዊ ደረሰኝ ስለሌለው ያ ገንዘብ ከግብሩ አይታሰብም፤ አከራዩ እንደገና ይከፍላል፤ ተከራዩም የኪራይ ዕዳ አለብህ ተብሎ ሊከሰስ ይችላል። አዋጁ በ2017 ዓ.ም. ስለተሻሻለ የዘንድሮውን ስሌት ገቢዎች በሚሠራበት ሠንጠረዥ ማመሳከር ነው።

ሌላው ብዙዎችን የሚያሳስተው ውል ላይ የሚገባው «ግብሩን ተከራይ ይችላል» የሚል ቃል ነው። በገቢዎች ፊት ዕዳው ያው የአከራዩ ነው። እንዲያውም በውሉ መሠረት ተከራይ ስለ አከራዩ የሚከፍለው ሁሉ የኪራይ ገቢ ሆኖ ይደመራል። ተከራዩ ከኪራዩ በላይ በራሱ ወጪ ቤቱን ካደሰም እንዲሁ ነው። ስለዚህ አከራዩ ያተረፈ ይመስለዋል እንጂ ግብር የሚከፈልበትን ገቢ ያሳድጋል።

የተከራይ ድርሻ ማስረጃውን መያዝ ነው። ውል በጽሑፍ ይሁን፤ እውነተኛው ኪራይ ይጻፍበት። 5,000 እየከፈሉ «2,000» ተብሎ የተጻፈ ውል ላይ መፈረም በጣም ጎጂ ነው፤ ቀብድ ወይም ቅድሚያ ክፍያ ለማስመለስ ክርክር ሲነሣ ልዩነቱን ማስረዳት ከባድ ይሆናል። ክፍያው በባንክ ያልፍ፤ በምክንያቱ ቦታ «የኪራይ» ተብሎ ወሩ ይጠቀስ። ሱቅ ተከራይቶ መዝገብ የሚይዝ ነጋዴ ከሆነማ ያለ ደረሰኝ ኪራዩን በወጪ ለመያዝ ይቸገራል።

ተከራይ ራሱ ግብር ከፋይ የሚሆንበት አንድ መንገድ ግን አለ፤ የተከራየውን መልሶ ሲያከራይ። ለባለቤቱ በሚከፍለውና ከሁለተኛው ተከራይ በሚቀበለው መካከል ባለው ልዩነት ላይ ግብሩ የእሱ ነው። እሱ ሳይከፍል ቢቀር መልሶ እንዲያከራይ የፈቀደው ባለቤት ይጠየቃል። ባለቤቶች ለእንዲህ ዓይነቱ «ተከራይ አከራይ» ፈቃድ ሲሰጡ የሁለተኛውን ውል ቅጂ ተቀብለው ቢያስቀምጡ ይበጃቸዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
የሒሳብ ባለሙያ፣ ደብረ ማርቆስ