የዩራኒየም ማዕድን ለሚያጓጉዙ አባሎቻችን የተላከ ማሳሰቢያ

የተከበራችሁ አባላት፣

ከአሪዞናው ፒንየን ፕሌይን ማውጫ ተነስቶ የአሜሪካ ነባር ሕዝብ የሆኑትን የናቫሆዎችን ምድር በማቋረጥ ዩታ ወደሚገኘው ኋይት ሜሳ ማጣሪያ የሚሄደውን ጥሬ ዩራኒየም ለመጫን የምታስቡ ሾፌሮች፣ ከመነሳታችሁ በፊት የአደጋ ጊዜ ዕቅዱን ከድርጅታችሁ ተቀብላችሁ እንድታነቡ አደራ እንላለን። ከ500 በላይ የተተዉ የዩራኒየም ማውጫዎች ላሉበት ሕዝብ የአንድ አካፋ አፈር መፍሰስ እንኳ ቀላል ነገር አይደለም።

ጭነቱ ከፈሰሰ፣ ነፋሱ ከእናንተ ወደ ፈሰሰው ጭነት በሚነፍስበት በኩል ራቁ፤ በዙሪያው ቢያንስ 25 ሜትር ሰው አታስጠጉ፣ አፈሩንም በእጃችሁ አትሰብስቡ። ከጋቢና ስትወርዱ የጭነት ሰነዱን በሾፌሩ በር ኪስ ወይም በወንበሩ ላይ ተዉት፤ የእሳት አደጋ ሠራተኛው መጀመሪያ የሚፈልገው እርሱን ነውና። አጓጓዡ መፍሰሱን፣ ጥርጣሬም ቢሆን፣ ቢዘገይ በ12 ሰዓት ውስጥ ለአሜሪካ ብሔራዊ የአደጋ ምላሽ ማዕከል በስልክ የማሳወቅ፣ በ30 ቀን ውስጥም የጽሑፍ ሪፖርት የማቅረብ ሕጋዊ ግዴታ አለበት።