የመምጫው መንገድ ያጥራል

እማዬ፣

እንደምን ከረምሽልኝ? እኛ እዚህ ለገጣፎ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የዕድር ጓደኞችሽ ባገኙኝ ቁጥር «መቼ ነው የምትመጣው?» ይሉኛል።

እትዬ የነገረችኝ ነገር ግን አሳስቦኛል። «ያን መንገድ ዳግመኛ አልችለውም» ብለሻል አሉ። እዚያ አሜሪካ መቅረት ፍላጎትሽ ከሆነ አልከራከርሽም። መንገዱን ፈርተሽ ከሆነ ግን ያንገበግበኛል። መምጫው እንደ መሄጃው አይደለማ!

ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ በአየር 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ርቀቱስ ያው ነው። ቦሌ ግን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ይላል፤ አየሩ ስስ ነው። ባቄላ አዋሽ ቶሎ በስሎ እኛ ጋ የሚያስቸግርሽ በዚሁ ምክንያት ነው። በስስ አየር ደግሞ አውሮፕላን ብዙ ክብደት ይዞ መነሳት ይቸግረዋል። ስለዚህ ሰውና ጭነት ሲሞላ ነዳጅ ቀንሶ ይነሳና መንገድ ላይ አርፎ ይቀዳል። ስትሄጂ «ምን ሆነን ነው የወረድነው?» ብለሽ የደነገጥሽው ለዚህ ነው። ብልሽት አልነበረም፣ እማዬ።

ዳለስ ግን ከፍታው መቶ ሜትር እንኳ አይሞላም። እዚያ ነዳጁን ጢም አድርጎ ይሞላና በቀጥታ ቦሌ ይመጣል። ከላይ ያለው ኃይለኛ ነፋስም ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነው የሚነፍሰው። ስትሄጂ ፊት ለፊት ሲገፋችሁ ነበር፤ ስትመጪ ከኋላ ያግዛችኋል። ከነማረፊያው 16 እና 17 ሰዓት የሚፈጀው መንገድ ወደ 13 ሰዓት ይወርዳል። ለጉልበትሽ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ትኬቱ ላይ ያለው ሰዓት እንዳያስደነግጥሽ። እዚያ ረፋድ 5 ሰዓት ብትነሺ ቦሌ የምትደርሺው በማግስቱ ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ ነው። ቀኑንም ሌሊቱንም ስትበሪ ያደርሽ ይመስላል። ከሃያ አንዱ ሰዓት ስምንቱ ግን የሁለቱ አገር የሰዓት ልዩነት ነው፤ በነሱ በጋ ሰባት ይሆናል።

ትኬት ሲቆረጥ እትዬ ዊልቸር ትዘዝልሽ። በነፃ ነው፣ እንቢ እንዳትዪ። መቀመጫሽ በመተላለፊያው በኩል ይሁን፣ ማንንም ሳታስቸግሪ ተነስተሽ እግርሽን ታፍታቺያለሽ። የግፊት መድኃኒትሽን በእጅ ቦርሳሽ ያዢ፤ ሻንጣ ውስጥ እንዳይገባ።

ቦሌ እኔ እጠብቅሻለሁ። ጠዋት መኪናው ሁሉ ወደ ከተማ ሲጎርፍ እኛ በሲኤምሲ፣ በአያት አድርገን ወደ ውጭ ስለምንወጣ ብዙ አንቆምም። ከዝቅተኛ ቦታ ስለምትመጪ መጀመሪያ ትንሽ ትንፋሽ ሊያጥርሽ ይችላል። ስለዚህ እንግዳ ሳይበዛ ታርፊያለሽ፤ ለጎረቤቱ እኔ እነግራለሁ።

ሐኪምሽን ጠይቂው። መብረር ትችያለሽ ካለሽ ቀኑን ቶሎ ንገሪኝ፣ ከሥራ ፈቃድ መጠየቅ አለብኝ።

ልጅሽ