«ተረጋጊ» ስላልኩሽ

ልጄ፣

ያን ቀን ደረጃው ላይ ተቀምጠሽ ያገኘሁሽ ነገር ከዓይኔ አልጠፋ አለ። ጣቶችሽ ተኮራምተው የሸሚዝሽን ቁልፍ መፍታት አቅቷቸው ነበር። «እማ፣ ልሞት ነው» አልሽኝ። እኔ ደግሞ «ተረጋጊ፣ ምንም አልሆንሽም!» እያልኩ ጮህኩብሽ። የጮህኩት ራሴም ስለፈራሁ ነው። ይቅር በይኝ።

ምንም አልሆንሽም ማለቴ ልክ አልነበረም። ሆነሻል። ሐኪሙ ልብሽንም ደምሽንም ታይሮይድሽንም አስመርምሮ ደህና ነሽ ሲልሽ «ታዲያ ምንድን ነው ያደረገኝ?» አልሽ። ያኔ የረባ መልስ አልሰጠሁሽም። አሁን ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ።

ፓኒክ አታክ ይሉታል። አደጋ ሳይኖር አንጎል አደጋ መጣ ብሎ ያምናል። አድሬናሊን የሚባል ሆርሞን ይለቀቃል። ልብ ለጡንቻዎች ደም ለማድረስ ድም ድም ይላል፣ ትንፋሽ ይፈጥናል፣ ላብ ያጠምቃል። ሰውነት ለመሮጥ ወይም ለመታገል ተሰናድቷል። የሚሸሹት ነገር ግን የለም።

የጣቶችሽ ነገር በጣም ስላስደነገጠኝ ሐኪሙን ለብቻው ጠየቅኩት። ቶሎ ቶሎ ስንተነፍስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከልክ በላይ ይወጣል። በደም ውስጥ ሲያንስ ከንፈርና ጣት ይደነዝዛል፣ ጡንቻ ይኮማተራል፣ ራስ ያዞራል። አየር ያጠረሽ መስሎሽ ነበር እንጂ ከሚበቃሽ በላይ እየተነፈስሽ ነበር። «አየር ሳቢ፣ በደንብ ሳቢ» ስልሽ የባሰብሽ ለዚህ ነው። የሚረዳው ቀስ ብሎ ማስወጣቱ ነው። በአፍንጫሽ እስከ 4 ቆጥረሽ አስገቢ፣ እስከ 6 ቆጥረሽ አስወጪ። ብዙውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጫፍ ይደርስና መውረድ ይጀምራል። ያ 10 ደቂቃ ዓመት እንደሚሆን አውቃለሁ።

ከየት ታውቂያለሽ ትይኝ ይሆናል። ያልነገርኩሽ ነገር አለ። አንቺ ሕፃን ሳለሽ ሊፍት ውስጥ እኔንም ያዘኝ። ልቤ ሊቆም ነው ብዬ ግድግዳውን ተደግፌ ቁጭ አልኩ። ከዚያ በኋላ ሊፍት ተውኩ። ቀጥሎ ሰው የበዛበት አዳራሽ ተውኩ። ቀጥሎ ብቻዬን መንዳት። «ደረጃ ለጤና ጥሩ ነው» እያልኩ 7ኛ ፎቅ ድረስ በእግርሽ የማስወጣሽ ለዚህ ነበር። በሸሸሁ ቁጥር እፎይ እላለሁ። አንጎሌ ደግሞ «አየሽ፣ ባትሸሺ ኖሮ አልቆልሽ ነበር» ብሎ ይማራል። ፍርሃቱን የቀለብኩት ያ እፎይታ ነው።

ያወጣኝ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው። መጀመሪያ የተከፈተ ሊፍት ፊት መቆም ብቻ። ከዚያ አንድ ፎቅ። ልቤ እየመታ፣ ሳልወርድ፣ ፍርሃቱ በራሱ ጊዜ እስኪበርድ ድረስ እዚያው መቆየት። ወራት ፈጅቷል። ሕክምናው ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ ይባላል። መድኃኒት ካስፈለገ ሐኪም ያዝልሻል፣ የሚያሳፍር ነገር የለውም። የሰው ማረጋጊያ ክኒን ግን እንዳትነኪ፤ ሱስ የሚያስይዝ አለ። ቡናና ኢነርጂ ድሪንክም ቀንሺ፣ ልብሽን ያስሮጡታል። ደግሞ ከወትሮው የተለየ የደረት ሕመም ከተሰማሽ ወይም ራስሽን ከሳትሽ «ያው ነው» ብለሽ አትለፊው፤ ለሐኪም ንገሪ።

ባለፈው ሳምንት ክፍል ፊት ቆመሽ የምታቀርቢው ሲጨንቅሽ፣ ደውዬ «አሟታል» ብዬ ያስቀረሁሽ እኔ ነኝ። የረዳሁሽ መስሎኝ ነበር። ከእንግዲህ አልደውልም። በሩ ድረስ አብሬሽ እመጣለሁ፣ እስክትወጪም እዚያው ቆሜ እጠብቅሻለሁ። ቢይዝሽም ይያዝሽ። ወንበርሽ ላይ ቁጭ ብለሽ ይለፍ። ጨርሰሽ ባትናገሪም ግድ የለም።

ማክሰኞ ከአንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር ቀጠሮ አለን። ቢሮዋ 4ኛ ፎቅ ነው። እኔ ዛሬም ሊፍት ስገባ እጄን ያልበኛል። ይዘሽኝ ትገቢያለሽ።

እናትሽ