ከቦሌ አራብሳ ወደ ገላን ጉራ

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆችህስ እንደምን ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደኅና ነን። ከአንተ ጋር ቃል ከተለዋወጥን 10 ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወራት ቀርተውታል፤ ይህን ያህል ዘመን ዝም ብሎ የኖረ ሰው ድንገት ተነሥቶ ሰላምታ ሲያቀርብ እንግዳ ነገር እንደሚመስል አውቃለሁ። ዝምታውን የጀመርኩት እኔ ስለሆንኩ አስቀድሞ መጻፍም የሚገባው ለእኔ ነው።

በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ ነባር መንደሮች ሲፈርሱ ነዋሪው ወደ ከተማዋ ዳርቻ መዛወሩን በዜና ሰማሁ። ከወራት በኋላ ለጉዳይ ወደዚያ ወርጄ የእናትህ ቤት የነበረበትን ቦታ ፍለጋ ብዙ ዞርኩ። ቀበሌ ቤቶቹም፣ ጠባቧ መተላለፊያም፣ ተቀምጠን የተማሪዎችን ፈተና እናርምበት የነበረው የበሩ ድንጋይም የሉም። አንተን የት እንደማገኝህ የምጠይቀው አንድ ጎረቤት እንኳ አጣሁ፤ ያን ቀን የተሰማኝን ባዶነት በቃላት ልገልጸው አልችልም። ገላን ጉራ ቤት እንደ ደረሰህ በኋላ የነገረኝ አብሮን ያስተምር የነበረው ባልደረባችን ነው፤ ይህንንም ደብዳቤ የማደርስህ በእርሱ እጅ ነው።

በመምህራን ክፍል እናደርገው የነበረውን የቆየ ክርክራችንን እንደማትረሳው አምናለሁ። እኔ የኢኮኖሚክስ መምህር ሆኜ ሳለሁ «ገንዘብ ደስታን አያመጣም» ባይ ነበርኩ፤ አንተ የአማርኛ መምህሩ ደግሞ «ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» እያልህ ትሞግተኝ ነበር። በመጨረሻው ክርክራችን ቀን ድምፅህን ዝቅ አድርገህ «እንዲህ የሚል ሰው ቤቱ ውስጥ የታመመች እናት የለችውም» አልኸኝ። መልስ አልሰጠሁህም፤ ዛሬ የምጽፍልህ መልሱን ነው።

በ1997 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም የተመዘገብነው በአንድ ቀን ነበር። በ2005 ዓ.ም. ምዝገባው ሲታደስም አብረን ተሰልፈን አደስን፤ ቁጠባውንም ወር በወር ማስገባት ጀመርን። እናትህ የኩላሊት እጥበት ሲጀምሩ ደመወዝህ ለሕክምናው አልበቃ አለና ቁጠባህ ተቋረጠ፤ ቁጠባው የተቋረጠበት ሰው ደግሞ ከዕጣው እንደሚወጣ ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ያለፈውን ለመሸፈን 8 ሺህ ብር እንዳበድርህ ስትጠይቀኝ የለኝም አልኩህ። ወንድሜ፣ ነበረኝ። በዚያው ሳምንት የእቁብ ዕጣ ወጥቶልኝ ከ8 ሺህ የሚበልጥ ብር በመሳቢያዬ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ለቤቱ ቅድመ ክፍያ ያንሰኛል ብዬ ሰጋሁ። ገንዘብ ደስታን አያመጣም እያልኩ ዓመታት የሞገትኩህ እኔ፣ ገንዘቡን ለወዳጄ መስጠት ሲገባኝ ቆልፌ አስቀመጥኩት። ያ አባባሌ ለአንተ በማይሆን ጊዜ የተነገረ፣ ለእኔም መሸሸጊያ የሆነ ቃል እንደ ነበር የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው።

ገንዘብና ንብረት ደስታ አያመጡም ብዬ ብጽፍልህ ሁለተኛ መዋሸቴ ነው። ዕጣው ለእኔ ወጥቶ፣ ቀሪውን ከባንክ ተበድሬ ወደ ቦሌ አራብሳ የገባሁበትን የመጀመሪያ ሌሊት አልረሳውም። ግድግዳው አልተቀባም፤ ወለሉ ደረቅ ሲሚንቶ ነበር፤ ውሃ ስላልነበረ በጀሪካን እስከ 4ኛ ፎቅ ተሸክመን አወጣን። በወለሉ ላይ ፍራሽ ዘርግተን ስንተኛ ባለቤቴ አምፖሉን እስከ እኩለ ሌሊት አላጠፋችውም። እንደምታውቀው በሰርቪስ ቤቱ በኖርንባቸው 14 ዓመታት መብራት ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ የሚጠፋው በአከራያችን ፈቃድ ነበር፤ ኪራይ ይጨመርብናል ወይም ልቀቁ እንባላለን የሚለው ሥጋትም ከቤቱ ተለይቶ አያውቅም። በዚያ ሌሊት ይህ ሥጋት ከደረቴ ላይ ሲነሣ ተሰማኝ። ይህ ደስታ ካልተባለ ደስታ ምን እንደሆነ አላውቅም፤ የመጣውም በንብረት ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለው ግን ሌላ ታሪክ ነው። ፊት ለፊታችን ያለው ቤተሰብ ወለሉን ሴራሚክ ሲያነጥፍ እኛም ተበድረን አነጠፍን። ከበላያችን ያሉት ኮርኒሱን በጂፕሰም ሲያሠሩ እኛም አሠራን፤ ሶፋውም፣ ቡፌውም፣ ሰፊው ቴሌቪዥንም በዚሁ መንገድ ገቡ። ጎረቤቶቼን ለመውቀስ አይደለም፤ መልካም ሰዎች ናቸው፤ በኮሙናሉ አብረን እንደግሳለን፣ እድር መሥርተናል፣ ቡና እንጠራራለን። ነገሩ በእኔ በራሴ ውስጥ ነበር። ሲሚንቶው ያስደሰተኝ ከሰርቪስ ቤቱ ጋር እያስተያየሁት ስለነበር ነው፤ ሴራሚኩን ግን ከጎረቤቴ ሴራሚክ ጋር አስተያየሁት፤ የጎረቤት ቤት ደግሞ ሁልጊዜ አንድ የሚበልጥ ነገር አያጣም። የሴራሚኩ ደስታ ሦስት ሳምንት ያህል ቆየ፤ የሶፋው ከዚያም ያነሰ ነበር፤ ዕዳውን ግን 4 ዓመት ከፈልነው። ሶፋው 7 ሰው ያስቀምጣል። ከካዛንቺስ ወዳጆቻችን አንድም ሰው ተቀምጦበት አያውቅም።

ከተማችንን በሚመለከት አንድ ጥናት አንብቤ ነበር። ተመራማሪዎች የኮንዶሚኒየም ዕጣ የወጣላቸውንና ያልወጣላቸውን የአዲስ አበባ ነዋሪዎች አነጻጽረው፣ ባለዕጣዎቹ በኑሯቸው የበለጠ እንደረኩና የገንዘብ ጭንቀታቸው እንደ ቀነሰ፣ በአካል ጤንነትና በመንፈስ ጭንቀት በኩል ግን ልዩነት እንዳልታየ ጽፈዋል። ራሴን ያነበብኩ ያህል ተሰማኝ።

አንተን አጥብቆ ያስታወሰኝ ግን ሌላ ጽሑፍ ነው። ዳንኤል ካነማን የሥነ ልቦና ሊቅ የነበረ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2002 የኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ከተሸለሙት አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ከአንገስ ዲተን ጋር ሆኖ ከ450 ሺህ በላይ የአሜሪካውያን መልሶችን መርምሮ፣ የሰው የዕለት ተዕለት ስሜት በዓመት 75 ሺህ ዶላር ገደማ እስከሚያገኝ ድረስ ከገቢው ጋር እየተሻሻለ እንደሚሄድ፣ ከዚያ በላይ ግን እንደማይጨምር አስታወቀ። እኔም ይህን ስሰማ ክርክራችንን የረታሁ መስሎኝ በክፍል ውስጥ ደጋግሜ አስተማርኩት። እ.ኤ.አ. በ2021 ማቲው ኪሊንግስወርዝ የተባለ ተመራማሪ ከ33 ሺህ በላይ ሠራተኞችን ስሜት በስልካቸው አማካይነት ተከታትሎ፣ ደስታው ከገቢው ጋር ማደጉን እንደማያቆም ጻፈ። ካነማን በዚህ ጊዜ አልተቀየመም፤ የቀድሞ ቃሉንም ሙጭጭ ብሎ አልያዘም። ባርባራ ሜለርስ የምትባል ምሁር በመካከላቸው ሆና ከሞጋቹ ጋር ቁጥሮቹን እንደ ገና መረመሩ፤ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ2023 በአንድነት አሳተሙ። ለአብዛኛው ሰው ደስታው ከገቢው ጋር እየጨመረ እንደሚሄድ፣ እጅግ ባዘኑት 20 በመቶ ገደማ ሰዎች ዘንድ ግን ገንዘብ እስከ 100 ሺህ ዶላር ገደማ መከራቸውን እያቀለለ ሄዶ ከዚያ በኋላ እንደሚያቆም አመለከቱ፤ የቀረውም እንደ ልብ ስብራትና እንደ ሐዘን ያለ፣ ገንዘብ የማያቀልለው መከራ ሊሆን እንደሚችል ገለጹ።

የዶላሩ ልክ ለአሜሪካ ኑሮ የተነገረ ነውና ወደ እኛ አላመጣውም። ልቤን የነካው ያ ሰው 90 ዓመት ሊሞላው ሲቃረብ የራሱን ቃል ከተቃወመው ሰው ጋር ተቀምጦ ማረሙ ነው። የእናትህ ሥቃይ ገንዘብ ከሚያቀልለው ወገን ነበር፤ በሳምንት አንድ ተጨማሪ እጥበት ምን ያህል ያሳርፋቸው እንደነበር ከአንተ በላይ የሚያውቅ የለም። እኔ የተሸከምኩት ጸጸት ደግሞ ሴራሚክም ሆነ ሶፋ ያልነካው ነው።

እናትህ ማረፋቸውን የሰማሁት በቀብራቸው ዕለት ነበር። ልቅሶ አልደረስኩም። በሰርቪስ ቤት ሳለን በየፋሲካው ዶሮ ወጥ በሳህን ሸፍነው ይልኩልን የነበሩት፣ ባለቤቴን አራስ ሆና ገንፎ ያበሏት እናት ሲቀበሩ ዐይንህን ማየት አፍሬ ከቤቴ ቀረሁ። ነፍሳቸውን በአብርሃም አጠገብ ያኑርልን። በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ ይህን ያህል የሚያመኝ የለም፤ ብድሩን መከልከሌ እንኳ ከዚህ በታች ነው።

ስለዚህ ፈቃድህ ከሆነ በሚመጣው ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ከባለቤቴ ጋር እመጣለሁ። ከአያት ስታዲየም፣ ከስታዲየም ቃሊቲ በባቡር፣ ከዚያ በታክሲ ነው። 8 ሺህ ብሩን ይዤ አልመጣም፤ ያኔ ያስፈልግህ የነበረውን ዛሬ ብዘረጋልህ ዕዳዬን የከፈልኩ እንዳይመስለኝ እፈራለሁ። የምንመጣው ልቅሶ ለመድረስ ነው፤ ነጠላችንን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቀን በበርህ ቆመን እግዚአብሔር ያጽናህ እንልሃለን። የብሎክህንና የቤትህን ቁጥር በዚህ ደብዳቤ ጀርባ ጽፈህ ለባልደረባችን ብትሰጠው ይደርሰኛል።

የአንተው ወንድም
ቦሌ አራብሳ፣ 2018 ዓ.ም.