ሽቶ አልልክልሽም

ይድረስ ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ሥራውም ብርዱም እንዳለ ነው። እማዬን ጉልበቷን ስመሽ ሰላም በይልኝ።

አዲሱ ቤት በመግባታችሁ ደስታዬ ወሰን የለውም። እንግዳ ገና ከደጃፍ ደስ እንዲለው ያን በቆርቆሮ የሚረጭ የቤት ሽቶ እንድልክልሽ ጠይቀሻል። አልልክልሽም። ከማኩረፍሽ በፊት ግን ስሚኝ። እንደምታውቂው የምተዳደረው የሰው ቤት በማጽዳት ነው፤ በር ስከፍት ከዕቃው ቀድሞ የሚቀበለኝ ሽታው ነው። ሽቶ አብዝተው የሚረጩ ቤቶች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚሸሽጉት ነገር አላቸው። በመጥፎ ሽታ ላይ ሽቶ መርጨት ባልታጠበ ገላ ላይ አዲስ ልብስ መደረብ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ያለውን ሽታ አስወጪ። ጠዋት ጠዋት ትይዩ መስኮቶችን ከፍተሽ አየሩ ከዳር እስከ ዳር ይለፍ። ቁም ሣጥኑን ከግድግዳው ትንሽ አራቂው፤ አየር የማያገኝ ግድግዳ እርጥበት ይይዛል፣ እርጥበቱ ሻጋታ ያመጣል፣ ሻጋታን የሚረታ መዓዛ ደግሞ የለም። ብዙ ሰው የማያስተውለው የፍሳሽ ቧንቧውን ነው። ከእጅ መታጠቢያው ሥር ቧንቧው የተጠማዘዘው ያለ ምክንያት አይደለም፤ እጥፋቱ ላይ የሚቀረው ውሃ የፍሳሹ ጋዝ ወደ ቤት እንዳይመለስ ያግዳል። ለረጅም ጊዜ ሳይሠራበት ከቆየ ውሃው ተንኖ ያልቅና መንገዱ ይከፈታል። መድኃኒቱ አንድ ጆግ ውሃ ማፍሰስ ብቻ ነው! ምንጣፉ ላይ ደግሞ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሰሽ አሳድሪውና ጠዋት ጥረጊው።

መዓዛ የሚታሰበው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። እኔ የምወደው ቀላሉን ነው፦ የብርቱካን ልጣጭ፣ አንድ ስንጥር ቀረፋና ጥቂት ቅርንፉድ በውሃ ጥዶ እሳቱን ዝቅ ማድረግ። የብርቱካን ዘይት የሚገኘው በልጣጩ ላይ ባሉት ጥቃቅን ከረጢቶች ውስጥ ነው። ዋናው ንጥረ ነገሩ ሊሞኒን ቶሎ ስለሚተን ቀድሞ ይሸታል፣ ቀድሞም ይጠፋል። ለቅርንፉዱ መዓዛውን የሚሰጠው ዩጂኖል ግን ከበድ ያለ በመሆኑ ዘግይቶ ይመጣል፣ ቆይቶም ይሄዳል። አንድ ላይ የምጥዳቸው ለዚህ ነው። ውሃው እንዳይደርቅ እየጨመርሽ ቀስ ብሎ ይንተክተክ፤ ጥደሽው ግን ከቤት እንዳትወጪ።

እሳት ካልፈለግሽ ተክል አለ። የጥብስ ቅጠልና ላቬንደር መዓዛቸውን በቅጠላቸው ላይ ባሉ ጥቃቅን ዕጢዎች ይዘው ይኖራሉ፤ ሲነኩ ነው የሚለቁት። ስለዚህ ማሰሮውን ለዓይን በሚያምርበት ጥግ ሳይሆን የሚገባ ሰው ልብስ በሚነካው በበሩ ጎን አስቀምጪው። ፀሐይ አትንፈጊያቸው። ከመስኮቱ ሥር ቦታ ካለሽ ጃስሚን ትከይ፤ መዓዛው የሚበረታው በምሽት ነው፣ እንግዳም የሚበዛው በዚያን ሰዓት ነው።

አሁን ደግሞ የምትሳሳቺበትን ቦታ ልንገርሽ፤ ታላቅነቴ ለምን ሊሆን ነው? አፍንጫ ቶሎ ይለምዳል። በደቂቃዎች ውስጥ የራስሽ ቤት መዓዛ አይሸትሽም፤ ጠፋ ብለሽ ትጨምሪያለሽ፣ እንግዳሽ ግን ገና ሲገባ ይታፈናል። ውጪ ቆይተሽ ተመለሺና ያን ጊዜ ፍረጂ። ወሳኟ የመጀመሪያዋ እስትንፋስ ናት። ዓይን ያየው፣ ጆሮም የሰማው ወደ አንጎል ቅርፊት የሚደርሰው ታላመስ በሚባል ክፍል አልፎ ነው፤ ሽታ ግን ያን ሳይጠብቅ ስሜትና ትዝታ ወደሚስተናገዱበት ይዘልቃል። አፍንጫችን ወደ 400 የሚጠጉ የሽታ ተቀባይ ዓይነቶች አሉት፤ የእነዚህን ተቀባዮች ምሥጢር የፈቱት ሪቻርድ አክስልና ሊንዳ በክ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2004 የኖቤል ሽልማት ወስደዋል። ይህን ሁሉ ያነበብኩት አውቶቡስ ላይ ነው፤ ከሥራ ስመለስ ከእንቅልፍ የሚያድነኝ ንባብ ብቻ ነው።

በጠርሙስ የሚሸጠውን የዕፅዋት ዘይት የገዛሽ እንደሆነ ተጠንቀቂ። ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም የሚሉሽን አትመኚ። እጅግ የተጠናከረ ነገር ነው፤ ሳይበረዝ ቆዳ ያቃጥላል፣ የባሕር ዛፍ ዘይት ሕፃን ከጠጣው ለሕይወቱ ያሰጋል፣ ስለዚህ ልጁ እጁ የማይደርስበት ቦታ ቆልፊበት። ድመትሽንም አስቢያት፤ የድመት ጉበት ብዙዎቹን ዘይቶች እንደ ሰው ጉበት አብላልቶ ማስወገድ አይችልም። ሊሞኒንም ቢሆን በአየር ውስጥ ካለ ኦዞን ከሚባል ጋዝ ጋር ሲገናኝ ፎርማልዴሃይድ የሚባል ጎጂ ጋዝ ይፈጥራል፤ መስኮቱን ክፈቺ የምልሽ ለመጥፎው ሽታ ብቻ አይደለም።

ባለቤትሽ አስም ስላለበት መኝታ ክፍሉን ጨርሶ ተይው፣ ንጹሕ አንሶላ ይበቃዋል። እጣንም ሻማም ቢሆን ጭሱ ወደ ሳንባ ጠልቆ የሚገባ ብናኝ አለበት፤ እሱ ቤት በሌለበት ሰዓት፣ መስኮት ተከፍቶ ካልሆነ አታጭሺ።

ከማእድ ቤቱ ጎን ያለው ግድግዳ ክረምት ሲገባ ይረጥባል ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር። ጣሪያው ያፈስ እንደሆነ ወይም ውሃው ከመሬት የሚሳብ እንደሆነ ሠራተኛ ጠርተሽ አሳዪና ስንት እንደሚያስወጣ ጻፊልኝ፤ የወር ደመወዜን ስቀበል እልክልሻለሁ።

የምትወድሽ ታላቅ እህትሽ